ሐምሌን ከሐምሌ ጋር

አንዲት ሴት ነበረች፣ ወገኖቼ። ቡና በሚያበቅል ክልል የሥራ ዕድል ፈጠራ ቢሮ ኃላፊ ነበረች። ቢሮዋ በየወሩ አንድ ቁጥር ያወጣል፤ በዚህ ወር በክልሉ ስንት ሰው ሥራ ላይ ነበር የሚል። ያ ቁጥር በሬዲዮ ይነገራል። ሹም ይሾምበታል፣ ሹም ይሻርበታል።

ስሟ አጸደ ነው። እንደተሾመች አንድ ነገር ልቧን በላው። በዚያ አገር ቡና ሲለቀም እጅ ያለው ሁሉ ሥራ አለው። ክረምት ሲገባስ? ለቀማ የለ፣ ግንባታው ቆሟል። ሴቶቹ ቤታቸው ጎደሬ እየቀቀሉ ጥቅምትን ይጠብቃሉ። አጸደ ደጅ ጠንታ፣ ተሟግታ፣ የቀርከሃ ሥራ ማዕከላት አቋቋመች። ጣሪያ ያላቸው፣ ዝናብ የማይዘጋቸው።

የሐምሌ ቁጥር ወጣ። ወረደ። ከሰኔ ወረደ፤ ከግንቦትማ በብዙ ሺህ ወረደ። ሬዲዮው ሥራ አጥነት ተባባሰ አለ። ምክር ቤቱ ተጠራ፤ የሚነጋገረውም ማዕከላቱን ስለመዝጋት ነው።

አጸደ አፈረች። "እኔ ነኝ ያልቻልኩት" አለች ለራሷ። ሠራተኞቹ ወሬውን ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብላ ወደ አንዱ ማዕከል ሄደች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ሴቶቹ ቀርከሃ እየሰነጠቁ ይጫወታሉ። ከመንገሯ በፊት ትርፌ ከምትባለው ወጣት አጠገብ ተቀመጠች።

"ትርፌ፣ አምና በዚህ ጊዜ የት ነበርሽ?"

"የት እሆናለሁ፣ እትዬ? ቤቴ ነዋ። በሐምሌ ማን ሥራ ነበረው?"

አጸደ ብድግ አለች። ለካ ስታወዳድር የኖረችው ክረምትን ከበጋ ጋር ነው!

በማግስቱ ምክር ቤቱ ፊት ቆመች። ሰብሳቢው አቶ ደምሰው ነገር ማንዛዛት አይወዱም።

"ወይዘሮ አጸደ፣ ቁጥሩ ወርዷል ወይስ አልወረደም?"

"ወርዷል።"

"ታዲያ ምን ያነጋግረናል?"

"አንድ ጥያቄ ይፍቀዱልኝ። በዚህ ክልል ሐምሌ ከግንቦት በልጦ ያውቃል?"

አቶ ደምሰው የያዙትን ወረቀት ገለጡ፤ እሷ ቀጠለች።

"ይህ ቁጥር ጥሬ ነው፤ እንደተቆጠረ የቀረበ። የዝናቡ ድርሻ አልወጣለትም፣ የቡናው ወቅት አልታሰበለትም። ሐምሌን ከግንቦት ጋር ስታስተያዩ የምትለኩት ዝናቡን እንጂ ሥራችንን አይደለም። ሐምሌን ከሐምሌ ጋር አስተያዩልኝ።"

አስተያዩት። የዘንድሮው ሐምሌ ከአምናው በለጠ። ብዙ አይደለም፤ ግን በለጠ። አቶ ደምሰው መነጽራቸውን አውልቀው "አንድ ዓመት ይሰጣት" አሉ።

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባላችሁ ነበር። ነገር ግን የዚህች ሴት ትልቁ ፈተና ገና ነው።

ኅዳር መጣ። ቡናው ቀላ፣ ለቃሚው ወጣ፣ ቁጥሩ ተተኮሰ። ያው ሬዲዮ አሞገሳት። ያው ምክር ቤት ቆሞ አጨበጨበላት። ምክትሏ በጆሮዋ "ዝም ብለሽ ተቀበዪ" አላት። እናንተ ብትሆኑስ ምን ታደርጉ ነበር? በክረምት ያዋረዷችሁ ሰዎች በአዝመራ ሲያጨበጭቡላችሁ ዝም አትሉም?

"ተቀመጡልኝ" አለች አጸደ። "ይህ ጭብጨባ የቡናው ነው። ኅዳርን ከአምናው ኅዳር ጋር ብታዩት ያው ነው። እኔን በሐምሌ ጠይቁኝ።"

ሞኝ ናት ያለ አልጠፋም። አቶ ደምሰው ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ቃሏን አመኑ። የሚጎዳትን እውነት ከተናገረች፣ የሚጠቅማትን ስትናገርም አትዋሽም አሉ። እሳቸው ራሳቸው ተከራክረው ማዕከላቱን በየወረዳው አስከፈቱ። ትርፌም የምታሠለጥን ሆና ወደ ሌላ ወረዳ ሄደች።

በዓመቱ ሐምሌ ተመለሰ። ቁጥሩ እንደ ልማዱ ከግንቦት ወረደ፤ የደነገጠ ግን አልነበረም። አቶ ደምሰው ተነሥተው የሦስቱን ዓመት ሐምሌ ተራ በተራ አነበቡ። የመጨረሻው ከፊተኞቹ እጅግ ርቆ ሄዷል። ከኋላ የተቀመጡት የቀርከሃ ሠራተኞች እልልታውን አቀለጡት፤ አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። በዚያን ጊዜ አጸደ አልከለከለቻቸውም። አለቀሰች፣ ሳቀችም።

ወገኖቼ፣ ክረምቱንም በጋውንም የሠራ አንድ አምላክ ነው። እናንተ ግን በክረምታችሁ ተቀምጣችሁ በጎረቤታችሁ አዝመራ ራሳችሁን ስትለኩ ስንት ጊዜ አለቀሳችሁ? ሁሉ ሲሞላላችሁስ፣ እግዚአብሔር በወቅቱ የሰጣችሁን በእኛ ብርታት መጣ ብላችሁ ስንት ጊዜ ታበያችሁ?

አንቺ ባልሽን የቀበርሽ እህቴ፣ እንደ ሠርግሽ ዘመን መሳቅ አቃተኝ ብለሽ በራስሽ አትፍረጂ። አምና ሙት ዓመቱ በዋለበት ሳምንት ከአልጋሽ መነሣት አቅቶሽ፣ ሰው በማንኪያ ያጎርስሽ ነበር። ዘንድሮ በዚያው ሳምንት ለብሰሽ፣ በእግርሽ መጥተሽ፣ ከእኛ ጋር ተቀምጠሻል። ይህ ድል ነው። እንግዲህ ተነሺ፤ መዝሙሩን ዛሬ አንቺ ጀምሪልን።