ፀጉሯን የምትነጨው ጉሬዛ

አንድ ጊዜ ከወንዝ ማዶ፣ ዝግባና ዋንዛ በተጋጠሙበት ደን ውስጥ፣ ድርቤ የምትባል ጉሬዛ ነበረች። ጉሬዛ መቼም በፀጉሩ የሚኮራ ፍጥረት ነው። ከትከሻው እስከ ወገቡ እንደ ነጠላ የሚወርደውን ነጭ ፀጉሩን ሲያበጥርና ሲያራግፍ ይውላል። ድርቤም እንዲህ ያለ ፀጉር ነበራት፤ ችግሩ በገዛ እጇ መንጨቷ ነበር።

ድርቤ ከሌሎቹ ለየት ብላ የተፈጠረች ናት። የምትቀመጠው ሁልጊዜ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ነው፤ ሌላ ጉሬዛ ከቀደማት እስኪነሳላት ድረስ ቆማ ትጠብቃለች። ሲያናግሯት ዓይን አታይም፣ ቅጠል ታያለች። የጠየቋትን ደግሞ እንዳለ ትመልሳለች፤ «ዛሬ አምሮብኛል?» ብላ የጠየቀቻት አክስቷ በመልሱ ተቀይማ ስንት ጊዜ አኩርፋታለች።

ከሁሉ የሚከብዳት ግን ድምፅ ነበር። ጉሬዛዎች ጎሕ ሲቀድ ሁሉም ባንድ ላይ ጮኸው ነው ቀኑን የሚቀበሉት። ለሌሎቹ ደስታ ነው። ድርቤ ግን ጩኸቱ በጆሮዋ ገብቶ ጥርሷን የሚያንቀጠቅጥባት ይመስላታል። ያኔ እጇ ሳታዘው ወደ ግራ ትከሻዋ ይሄዳል። ጣቶቿ ፀጉሩን ይዳብሳሉ፤ ከሌሎቹ ወፈር፣ ጠምዘዝ ያለችውን አንዷን ያገኛሉ። ያቺ ካልወጣች ዕረፍት የለም። ነጨት ታደርጋታለች። ቅልል ይላታል፣ ለጥቂት። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ደግሞ ሌላ። ነቃ ብላ ስታይ እግሯ ሥር ነጭ ክምር፣ ትከሻዋ ላይ የመዳፍ ያህል መላጣ።

«ተይ!» ትላለች እናቷ ዘርፌ። «ተይ አላልኩሽም?»

አክስቷ እጇን መታ ታደርጋታለች። ድርቤም ልትተው ከልቧ ትፈልጋለች። «እሺ» ትላለች። ብዙም ሳይቆይ ጣቷ ተመልሶ እዚያው ነው።

ክረምቱ ሲያበቃ በአካባቢው ባሉት ደኖች የሚኖሩ ጉሬዛዎች ሁሉ የሚሰበሰቡበት ቀን አለ። ፀጉር የሚታይበት፣ ዘመድ የሚጠያየቅበት ቀን ነው። ያ ቀን በቀረበ ቁጥር ዘርፌ ጭንቅ ያዛት። «አገር ምን ይለናል?» እያለች ሰነበተችና አንድ ረፋድ ላይ መድኃኒት አዋቂ ነኝ ወደምትለው ቀበሮ ሄደች።

ቀበሮ ነገሩን ሰምታ እንባዋን የምትጠርግ መሰለች። «ወይኔ እህቴ! እንኳን ወደ እኔ መጣሽ። ሌላው ቢሆን ያሞኝሽ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው፤ እጇን በሐረግ እሰሪው። ከእናንተም ለይተሽ ወንዙ ዳር ያለችው ዋንዛ ላይ አስቀምጫት። ታች፣ ዝቅ ያለችው ቅርንጫፍ ላይ።»

«ለምን ታች?» አለች ዘርፌ።

«እጇ ታስሮ ከላይ ብትወድቅስ? ለእሷው ብዬ ነው እንጂ እኔ ምን ይጠቅመኛል?»

ዘርፌ አመነች። ቀበሮ ግን የሚጠቅማት ነገር ነበር። ጉሬዛዎቹ ቅጠል ፍለጋ ሲሄዱ ጠብቃ፣ ከዛፉ ሥር የወደቀውን የድርቤን ፀጉር በየቀኑ እየለቀመች ለግልገሎቿ መኝታ ታነጥፍ ነበር። አሁን ግን መልቀሙ ሰለቻትና ቆዳው እንዳለ አማራት። ስለዚህ ቀጥታ ወደ አያ ጅቦ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ እጇ የታሰረ ጉሬዛ ብታገኝ ምን ታደርጋለህ?»

«እጇን ፈትቼ እበላታለሁ።»

«ለምን ትፈታዋለህ?»

ጅብ ብዙ አሰበ። «እውነትሽን ነው። ሐረጉንም እበላዋለሁ።»

«ሥጋው ለአንተ፣ ቆዳና ፀጉሩ ለእኔ። ነገ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ወንዙ ዳር ካለችው ዋንዛ ሂድ።»

በማግስቱ ጠዋት ዘርፌ የልጇን እጅ አሰረች። «ለጥቂት ቀን ነው» ብላ ታችኛው ቅርንጫፍ ላይ ትታት ሄደች።

እጇ ታሰረ እንጂ ጭንቀቷ አልታሰረም። ቦታው ያልለመደችው ነው፤ ቅርንጫፉ ይጎረብጣል፤ ወንዙ ይጮኻል። ድርቤ ወደ ፊት ወደ ኋላ ስትወዛወዝ ቆየችና በጥርሷ የክንዷን ፀጉር መንጨት ጀመረች።

ከዛፉ ሥር አንዲት አሮጊት አህያ ሳር ትግጥ ነበር። ብዙ ዘመን ጭነት የተሸከመች፣ ጀርባዋ በጠባሳ የተሞላ፣ አሁን «አረጀች» ተብላ የተለቀቀች አህያ ናት። ነጭ ፀጉር አፍንጫዋ ላይ ሲያርፍ ቀና አለች።

«ልጄ፣ ማነው ያሰረሽ?»

«እናቴ።»

«ምን አጥፍተሽ?»

«ፀጉሬን እነጫለሁ።»

«የማንን ፀጉር?»

«የራሴን።»

«የራስሽን ከሆነ ማንን በደልሽ?» አለች አህያዋ፤ አንገቷን ዘርግታም ሐረጉን በጥርሷ በጠሰችው።

ድርቤ የተላቀቁ እጆቿን አየቻቸው። «እማማ፣ ፈትተሽኝ መልሼ ብነጭስ?»

«ትነጫለሽ። እኔ ጠባቂሽ አይደለሁም። ይልቅ መቼ መቼ ነው የሚመጣብሽ?»

ይህን ጠይቋት የሚያውቅ አልነበረም። ድርቤ ደግሞ መልስ ያለው ጥያቄ ደስ ይላታል። «ጠዋት ሲጮኹ» አለች። «ከሰዓት ደግሞ፣ ጠግበን ሥራ ስንፈታ። የምንሄድበት መንገድ ሲቀየር። አክስቴ ስትቆጣኝ። ስትቆጣኝማ ይብሳል።»

«እኔም ገበያ መሃል ባጭር ገመድ ታስሬ ስውል የታሰርኩበትን ግንድ እግጥ ነበር» አለች አህያዋ። «ግንዱ ጣፍጦኝ መሰለሽ? ጩኸቱና ግፊያው ነዋ። ጥርሴ የሚይዘው ሲያገኝ ልቤ ረጋ ይልልኛል። ጌታዬ እንድተው ብሎ ግንዱን እሬት ቀባው።»

«ተውሽ?»

«እሬቱንም ጋጥኩት።»

ድርቤ ሳቀች። ከሳቀች ሰንብታ ነበር።

«ጣቶችሽስ ምንድን ነው የሚፈልጉት?»

«ሻካራዋን። ከሌሎቹ የምትለየዋን ፈልጎ ማግኘት፣ ከዚያ ማውጣት። ሌላ ምንም አይደለም።»

አህያዋ ዞረችና ጭራዋን አቀረበችላት። ጭራዋ በጭጎጎት፣ ያ ፀጉር ላይ በሚጣበቀው እሾሃም ፍሬ፣ ታፍኖ እንደ ዱላ ደርቋል። «እንግዲያው እዚህ ሞልቶልሻል። እኔ እጅ የለኝ፤ ዝንብ እንኳ ማባረር ካቃተኝ ቆየሁ።»

ድርቤ ወርዳ ጭራውን ያዘች። ጣቶቿ ዳበሱ፤ ሻካራዋን አገኙ፤ ጠምዘዝ አድርገው አወጧት። ቀጥሎ ሌላ። አንዳንዷ ጭጎጎት ሥር ሰዳ ስትገኝ በጥንቃቄ ፀጉር በፀጉር መፍታት ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ለድርቤ ከሁሉ የጣፈጣት ነበር። አንድ ሁለቴ እጇ ወደ ትከሻዋ ሄደ። አህያዋ ጭራዋን ወዝወዝ አደረገችላት። እጇም ተመለሰ።

እንዲህ እያሉ ፀሐይ ዘቀዘቀች፤ አያ ጅቦም ከቁጥቋጦው ብቅ አለ። ድርቤ ዘላ ቅርንጫፉ ላይ ወጣች። አህያዋ ግን አሮጊት ናትና መሮጥ አልቻለችም።

ጅብ ድርቤን ቀና ብሎ አየና ከፋው። «እጇ ታስሯል ተብዬ ነበር የመጣሁት።»

«ታስሮ ነበር። አሁን ተፈትቷል» አለች ድርቤ። ብትፈራም እውነቱን እንዳለ መለሰች። «ማን ነገረህ?»

«ቀበሮ ናታ! ሥጋው ለእኔ፣ ፀጉሩ ለእሷ ብላኝ። በይ እሰሪው፤ እጠብቅሻለሁ።» ይህን ብሎ ሲዞር አህያዋን አያት፤ ምራቁም ተዝረበረበ። «ለነገሩ አህያም አለች!»

የድርቤ እጅ ትከሻዋን ጨብጦ ይዟል። መዋሸት አታውቅም፤ ማስፈራራትም አታውቅም። የምታውቀው ያየችውን ብቻ ነው።

«ቀበሮ ድርሻዋን ቀድማ ወስዳለች» አለች። «ቅጠል ፍለጋ ስንሄድ ዞር ብዬ፣ ፀጉሬን በየቀኑ ከዛፋችን ሥር ስትለቅም አያታለሁ። ጉድጓዷ ሞልቷል። ትናንት ደግሞ የድኩላ እግር አምጥታ ስትቀብር ከዛፍ ላይ አየኋት። ከጉድጓዷ በስተግራ፣ ጠፍጣፋው ድንጋይ ሥር።»

ጅብ አፉን ከፈተ። «እግር? ሙሉ እግር?»

«ሙሉ። ከነሰኮናው።»

«ያለ እኔ! ድርሻዬን ሳትሰጠኝ!» ጅብ ተናደደ። ወደ ድንጋዩ ሊሮጥ ተነሳና አህያዋ ትዝ አለችው፤ ወደ አህያዋ ዞረና ድኩላው ትዝ አለው። መጨረሻ ላይ መላ የመታ መስሎት፣ «አንቺ አህያ፣ እዚሁ ጠብቂኝ። ያንን በልቼ መጣሁ» አለ።

«ሳሩ ደህና ነው፤ ወዴት እሄዳለሁ?» አለች አህያዋ።

ጅብ እንደ ራቀ አህያዋ ወንዙን ተሻግራ እግሯ የቻለውን ያህል ተጓዘች። አያ ጅቦ ድኩላውን ቆፍሮ በላ፤ አልበቃ ብሎት የቀበሮን ጉድጓድ ሲቆፍር የጉሬዛ ፀጉር አፍንጫው ገብቶ ሲያስነጥስ አመሸ። ቀበሮም ግልገሎቿን ይዛ አገር ቀየረች።

ድርቤ ያን ዕለት በዛፍ ጫፍ ለጫፍ ተንጠላጥላ ወደ እናቷ ተመለሰች። በመንገድ ላይ ቆም ብላ ፀጉር ነጨች፤ ብዙ ነጨች። ደረሰችና ጀርባዋን ለእናቷ ሰጥታ ተቀመጠች፤ ፊት ለፊት ሲሆን ቃል ይጠፋባታል። የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻት። ከዚያ፣ «መታሰር አልፈልግም» አለች። «ጠዋት ከመጮኻችሁ በፊት ንገሪኝና ራቅ ልበል። ‹ተይ› አትበሉኝ። እኔም ራሴን ‹ተይ› ስል ነው የምውለው።»

ዘርፌ ማልቀስ ጀመረች። «ቀበሮን ሄጄ ጠየቅኩ» አለች፤ «አንቺን ግን አልጠየቅኩሽም።»

ከዚያ ወዲህ ዘርፌ ጎሕ ሊቀድ ሲል የልጇን ቅርንጫፍ ቀስ አድርጋ ትነካዋለች። ድርቤ ተነስታ ራቅ ካለው ዝግባ ላይ ትቀመጣለች፤ ጩኸቱ ከሩቅ ሲሰማ እንደውም ደስ የሚል ነገር እንዳለው አወቀች። አንዳንድ ሽማግሌዎች «ከመንጋ መለየት ምን የሚሉት ነው?» ብለው አጉረመረሙ፤ ከጊዜ በኋላ ለመዱት። አክስቷ «ተይ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቅጠል ጎርሳ ትውጠዋለች። ከሰዓት አሮጊቷ አህያ ከወንዙ ማዶ ትመጣለች፤ ጭጎጎት አይታጣባትም። የማትመጣ ከሆነ ድርቤ ደረቅ ሐረግ ቋጥራ ትፈታለች።

ነገሩ ባንድ ጊዜ ለቀቃት ማለት አይደለም። አንድ ቀን ማዕበል ትልቁን ዝግባ ጣለውና መንጋው ሰፈር ቀየረ፤ ያን ሰሞን ድርቤ ክፉኛ ነጨች። ዘርፌ አጠገቧ ተቀመጠች እንጂ «ተይ» አላለቻትም። ሰሞኑ አለፈ። መላጣው ላይ እንደ ጫጩት ላባ የለሰለሰ አጭር ፀጉር በቀለ፤ አንዳንዱ ቦታ ግን ባዶውን ቀረ።

የመሰብሰቢያው ቀን ደረሰ። ዘርፌ ሰፋ ያለ ቅጠል አምጥታ፣ «ትከሻሽን እንሸፍነው?» አለች።

«ያሳክከኛል» አለች ድርቤ።

«እንግዲያው ይቅር» አለች እናቷ፤ ቅጠሉንም ራሷ በላችው።

ድርቤ ከግርግሩ ዳር፣ ጸጥ ያለ ቅርንጫፍ መርጣ ተቀመጠች። ብዙዎች ትከሻዋን አይተው አለፉ። ከሌላ ደን የመጣች አንዲት ጉሬዛ ግን ቀስ ብላ ተጠጋች።

«ትከሻሽ ምን ሆነ?»

«እነጨዋለሁ። ሲጨንቀኝ።»

«ያማል?»

«አያምም። በኋላ ግን ያሳፍረኝ ነበር። አሁን ያን ያህል አያሳፍረኝም።»

እንግዳዋ ጉሬዛ ዙሪያዋን አየች። ከዚያ ክንዷን ቀስ ብላ አነሳች። ብብቷ ሥር፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ የመዳፍ ያህል መላጣ ነበር።

«እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር» አለች።

«አይደለሽም» አለች ድርቤ፤ ጠጋ ብላም ቦታ ሰጠቻት። ሁለቱም ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ፣ ለስላሳውን ቅጠል እየቀጠፉ አብረው በሉ።

ከዚህ የምንማረው የገዛ እጁ ያስቸገረውን እጁን ከማሰርና «ተው» እያሉ ከማሳፈር ይልቅ፣ ምን እንዳስጨነቀው እሱኑ ጠይቆ ጭንቀቱን ማቅለል እንደሚሻል ነው።