የንጉሥ ውርጭ ጋቢ አደፈ

«ተረት ተረት!»

«የመሰረት!»

ምነው ድምፃችሁ ቀዘቀዘ? ጠጋ ጠጋ በሉ እስቲ።

በድሮ ጊዜ ንጉሥ ውርጭ አጸደ የምትባለውን ሴት በደላት። ምን አደረጋት? ሳሯን ቀማት። «ለሳር ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?» እንዳትሉኝ፤ ቆዩኝማ።

አጸደ የምትኖረው በሰሜን፣ ከምድር ጫፍ፣ ባሕር በከበባት ትልቅ ደሴት ላይ ነበር። ደሴቷ ከትልቅነቷ የተነሳ ፈረስ ሦስት ወር ቢጋልብባት አያዳርሳትም። የደሴቷ ንጉሥ ውርጭ ደግሞ የአስማት ጋቢ ነበረው፤ ከበረዶ የተሠራ። በረዶ ስላችሁ ያን ቆርቆሮ የሚደበድበውን እንዳታስቡ። ይሄኛው እንደ ተነደፈ ጥጥ ነው፤ ሲወርድ ኮሽ አይልም። ንጉሡ ጋቢውን ሲዘረጋው ደሴቷ ከዳር እስከ ዳር ትነጣለች፤ ወንዙ ድንጋይ ይሆናል። በጋ ሲመጣ ይሰበስበዋል፤ ሳሩም ይበቅላል።

አንድ ዓመት ግን ንጉሡ ደሴቷን ከተራራው ላይ ቁልቁል አየና «እንዴት አምሮባታል! ከእንግዲህ አላነሳውም» አለ።

አጸደ ሦስት ሴት ልጆች አሏት፤ ባል የላትም። ያላት አንዲት አጋዘን ናት። የልጆቹ ምግብ የአጋዘኗ ወተት ነው፤ የአጋዘኗ ምግብ ሳር ነው፤ ሳሩ ያለው ከጋቢው ሥር ነው። አጋዘኗ ከሳች። ወተቷ ነጠፈ። ልጆቹ ማልቀሱም ደከማቸው።

አጸደ መጀመሪያ ለመነች። «ንጉሥ ሆይ፣ ጫፏን እንኳ ገለጥ ያድርጉልኝ።»

«ሳር የድሃ ልብስ ነው!» ብሎ አባረራት።

ቀጥላ በአካፋ ዛቀች። ንጉሡ እፍ ሲል የዛቀችው ተመልሶ ተከደነ።

በሦስተኛው ቀን ጉድጓዷ የተደፈነባት ነጭ ቀበሮ እየተንቀጠቀጠች መጣች። የዚህች ቀበሮ ጅራት የነካውን ሁሉ ያበዛል።

«እትዬ አጸደ፣ በከንቱ ደከምሽ» አለች። «ይሄ ሰውዬ ልመና አይሰማም፤ ጉልበት አይፈራም። የሚፈራው አንድ ነገር ነው።»

«ምን?»

«ሐሜት።»

አጸደ ሳቋ መጣ። ከምድጃዋ አንድ እፍኝ ጥላሸት ዛቀችና በጋቢው ላይ በተነችው። ቀበሮዋ በጅራቷ ጠረግ ስታደርገው መንደሩ ጠቆረ። ደግማ ጠረገች፤ ሜዳው ጠቆረ። ሠለሰች፤ ደሴቷ በሙሉ የድስት ቂጥ መሰለች።

በሰማይ የሚያልፉ ዝይዎች ይህን አዩ። ዝይ ደግሞ ታውቋታላችሁ፣ አፏ ክዳን የለውም።

የመጀመሪያዋ መንጋ «ውይ! የማን ጋቢ ነው እንዲህ ያደፈው?» አለች።

ሁለተኛዋ «ሚስት የለውም መሰለኝ» አለች።

ሦስተኛዋ «የንጉሥ ነው እንዴ? እኛማ የለማኝ መስሎን!» ብላ ክንፏ እስኪዝል ሳቀች።

ንጉሡ ከተራራው እየተንደረደረ ወረደ። «አንቺ ሴትዮ! ጋቢዬን አሁኑኑ እጠቢልኝ!»

«በደስታ፣ ጌታዬ። ግን በምን ውሃ?»

«ባሕር አይታይሽም?»

«ይታየኛል። ግን ጌታዬ፣ ጋቢ በጥላ ከደረቀ ይሸታል። ያን ጊዜ ደግሞ ዝይዎቹ…»

«ፀሐይ ላይ አስጪዋ! ይሄንንም እኔ ልንገርሽ?»

«እሺ፣ እርስዎ ካዘዙ» አለች አጸደ፣ አንገቷን ደፍታ። የደፋችው ሳቋን ለመደበቅ ነው።

እናትና ልጆች፣ ቀበሮዋም በጥርሷ፣ ጋቢውን ጎትተው ባሕር ከተቱት። አጸደ አሸችው፤ ግማሹ ሄደ። ጨመቀችው፤ የግማሹ ግማሽ ሄደ። የተረፈችውን አለት ላይ አሰጣችው። ፀሐይ ከሰማይ ጎንበስ ብላ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው! ለንጉሡ ተራራው ጫፍ ላይ ሻሽ የምታህል ቁራጭ ብቻ ቀረችው።

ሳሩ ብቅ አለ። አጋዘኗ አጎንብሳ ስትግጥ ዋለች፤ ወተቷም ወረደ። ትንሿ ልጅ ጠጥታ ጠጥታ ከንፈሯ ላይ ነጭ ጢም አወጣች።

ንጉሡ ሊመጣ ነው። እሱ ሳይደርስ ቁም ነገሩን ልንገራችሁ፣ በኋላ በሳቅ አትሰሙኝም። ሰው የተቸገረን አልሰማም ብሎ የሐሜተኛን ወሬ ከሰማ፣ ያለውን በገዛ እጁ ያጣል። በሉ እንግዲህ፣ ተረቴን ለብሳችሁ ሙቁ፣ ለእኔም ዳቦ ደብቁ።

ንጉሡ እጁን ዘርግቶ መጣ። «እህስ ሴትዮ፣ ነጣልኝ?»

አጸደ እጅ ነሳችና እንዲህ አለችው፦ «ጋቢውማ ውሃ ሆኖ ሄዷል፣ ጌታዬ። የነጡትስ እርስዎ ነዎት፤ የነጣ ድሃ!»