ነጭ ቅጠል የወደደው ሰው

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ የኔታ፣ አቶ ውብነህ ጥያቄያቸውን ገና ሳይጨርሱ። ጥያቄው ይህ ነበር፦ ታናሿ ልጃቸው ልትዳር ነው፤ አማቾቹ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ታላቋ ግን ጉልት ላይ ሽንኩርት ቸርቻሪ ናትና በሠርጉ ቀን ከሰው ዓይን ዞር ብትል ኃጢአት ይሆናል ወይ?

«አንድ ሰው ነበረ። ሚስቱ ሞተችበት። ሴትዮዋ በወተት ጣሳ ተክላ ቤት ውስጥ የምታሳድጋት አንዲት ተክል ነበረቻት፤ ከቆላ የመጣች፣ ብርድ የማትወድ፣ ቅጠሏ ነጭና አረንጓዴ የተቀላቀለበት፣ አንዳንዱማ ነጭ ብቻ የሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውልላት ነበር። ልጅ አልወለዱምና፣ ስታጣጥር እንኳ ‹እሷን አደራ› ብላ ነው የሄደችው።

«ሰውየው አደራ በላ አልነበረም፤ ይህን ልመስክርለት። ውኃ ያጠጣታል፣ ከብርድ ይከልላታል፣ ያዋራታልም። ከእሱ ሌላ በዚያ ቤት ነፍስ ያለው ነገር እሷ ብቻ ነበረች። ክፋቱ ምን መሰለህ? ሊጠይቀው የሚመጣው ሰው ሁሉ ነጩን ያደንቃል። ‹ወይ ማማር! የታጠበ ነጠላ እኮ ነው የምትመስለው› ይላል አንዱ። ‹ምነው ሁሉም ነጭ በሆነ› ትላለች ሌላዋ። አረንጓዴውንማ ማን ያየዋል? አረንጓዴ ደጅም ሞልቷል።

«አንድ ቀን የሚስቱን መቀስ አነሣ፤ ክር የምትቆርጥበትን። አረንጓዴ ያለበትን ቅጠል አንድ በአንድ ቆረጠው። ማሳመሩ ነው እኮ! ተክሏ ጥቂት ነጭ ቅጠሎች ይዛ ቆመች። ሰው ጠርቶ አሳየ። ሁሉም ‹እሰይ› አለው። ሚስቴ ይህን ብታይ ብሎ አለቀሰም።

«ሁለት ሳምንት አልቆየም። ነጩ ከጫፉ ይጠቁር ጀመር። ሰውየው ተደናገጠ። ጠምቷት ነው ብሎ ውኃ ጨመረ። በርዷት ነው ብሎ ፀሐይ ላይ አወጣት፤ ነጭ ቅጠል ፀሐይ አይችልም፣ ጭራሽ ተቃጠለ። ቢጨንቀው ችግኝ የምትሸጥ ጎረቤቱን ጠራ። ሴትዮዋ ጣሳውን ገና ስታየው ደረቷን መታች። ‹ውይ በሞትኩት! ምን አደረጉ ጋሼ? ነጩ ለዓይን ነው እንጂ ምግብ አይሠራም እኮ! ሲያበላው የኖረው አረንጓዴው ነበር።›

«‹ማን ነገረኝ?› አላት።

«‹ሳይቆርጡ ቢጠይቁኝ እነግርዎት ነበር› አለችው።

«የመጨረሻዋ ነጭ ቅጠል የወደቀችው በሚስቱ ሙት ዓመት ሰሞን ነው። ለዝክሩ የመጡት ሰዎች ባዶ ጣሳ ታቅፎ አገኙት። ከንፈራቸውን መጠጡለት። እነዚያው ነጩን ሲያደንቁ የነበሩት ናቸው የመጠጡለት።»

የኔታ ወደ አቶ ውብነህ ዞሩ።

«እንግዲህ ነጯ ቅጠል ታናሿ ልጅህ ናት። ትማር፣ ትመር፣ እግዜር ይባርካት፤ ምን ከፋኝ? ግን እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያንን ቤት ሲያበላ የኖረው ማነው? ታናሿን ያስተማራት የማን ሽንኩርት ነው? ይህ የለበስከው ካፖርትስ? አማቾችህ ፊት ደምቀህ የምትቆመው በታላቋ ልጅህ በእታፈራሁ ጉልት ነው። አንተ ደግሞ መቀስ ይዘህ መጥተህ ‹ልቁረጥ ወይ?› ትለኛለህ።»

አቶ ውብነህ አንገታቸውን ደፉ። የካፖርታቸውን ቁልፍ ሲነካኩ ቆይተው «ነግሬያታለሁ የኔታ» አሉ። «ዛሬ ጠዋት። ልብሷን ጠቅልላ ወደ ጉልቷ ወጣች።»

«ቆርጠህ ነዋ የመጣኸው!» የኔታ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። ቆይቶ ግን ድምፃቸው ወረደ። «ያ ሰው የቆረጠውን ቅጠል መልሶ መቀጠል አልቻለም። ያንተዋ ግን ጆሮ አላት፤ ይቅርታ ብትላት ትሰማህ ይሆናል፣ ላትሰማህም ትችላለች። ጉልቱ ሳይበተን ሂድ። ምን ቁጭ አርጎሃል?»