ጫፉ የተገመሰ ዳቦ

ልጆች፣ እግራችሁን ሰብሰብ አድርጋችሁ ተቀመጡ፤ ሲቁነጠነጡብኝ አልወድም። በዱሮ ጊዜ፣ የአያቴ አያት እንኳ ሳትወለድ፣ ውርጭ አምባ በምትባል የደጋ መንደር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ከቆላ መጥታ አግብታ፣ ባሏ የሞተባት። ልጅ የላት፣ በመንደሩ ዘመድ የላት።

ደገኞቹ የገና ስጦታ ሲሰጡ ፊት ለፊት ቆመው፣ ቀምሰው፣ በሁለት እጃቸው ነው። ደጃፍ ላይ የተገኘ ነገር መተት ነው፤ በእንጨት ገፍተው ያቃጥሉታል። በአንጓች አገር ግን የገና ስጦታ ደጃፍ ላይ ትቶ መሄድ ነው። ለምን ቢሉ፣ የተቸገረ ሰው አንገቱን እንዳይደፋ።

አንድ ገና ሰው ሁሉ ቅዳሴ ሳለ የማሽላ ዳቦ ጋግራ በየደጃፉ አስቀመጠች። ተመልሰው አዩት፤ አቃጠሉት። ጭሱን ከደጇ ቆማ አየች።

ሁለተኛው ገና መጣ። ደግማ አስቀመጠች። አድፍጠው ያዟትና ሽማግሌ ፊት አቆሟት። ከሁሉ አብልጣ የከሰሰቻት ጎረቤቷ ብርቄ ናት፤ ይቺ ቆለኛ ባሏን በልታ አሁን ደግሞ እኛን ልትጨርስ ነው እያለች። አያ ውባንተ የሚባሉት ሽማግሌ፣ ሦስተኛ ካደረግሽው ወደ አገርሽ ትሄጃለሽ ብለው ፈረዱ።

«አገሬማ ባሌ የተቀበረበት ነው» አለች።

ሦስተኛው ገና መጣ። ያን ዓመት ገብሱን ውርጭ መታው። የብርቄ ባል እህል ፍለጋ ወርዶ ቀረ። ብርቄ ከነልጆቿ በሯን ዘጋች፤ ከጣሪያዋ ጭስ አይወጣም። መንደሩ ያውቃል፤ ግን ኩሩ ናት፣ በእጅ የሰጧትን ትመልሳለች። አንጓችም ታውቃለች። ደጃፏ ላይ ካስቀመጠች ደግሞ መባረሯ ነው።

ወንድሟ ከቆላ የላከላትን ማሽላ ጋገረች። ወንዱ ሜዳ ላይ ገና ሲጫወት፣ በጠራራ ፀሐይ ሄደች። ዳቦውን ከጫፉ ገመሰችና እዚያው ቆማ በላች። የቀረውን ደፉ ላይ አስቀመጠች፤ በሩን አንኳኩታ ሄደች።

ብርቄ ከፈተች። የተገመሰውን ጫፍ አየች። ከኋላዋ ልጆቹ ያለቅሳሉ።

ወሬ ደረሰና ወንዶቹ ከነገና ዱላቸው መጡ፤ አንጓችን ሊያስወጧት ነው። ብርቄ ወጥታ መንገዳቸው ላይ ቆመች።

«እኔም በልቻለሁ፣ ልጆቼም በልተዋል» አለች። «መተት ከሆነ እዚሁ ቆማችሁ ስንሞት እዩ።»

ቆሙ። ፀሐይ አዘቀዘቀች፣ ጠለቀች። ልጆቹ ጠግበው ግቢው ውስጥ ይሯሯጣሉ። ያኔ አያ ውባንተ፣ ያ ሁሉ ሽበት፣ ድንጋይ ተሸክመው አንጓች ፊት ይቅርታ ለመኑ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ለገና ዳቦ ከጫፉ ተገምሶ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል። አንኳኩቶ መሄድ ነው። ልጅ ማን አመጣው ብሎ ከጠየቀ እናቱ «አንጓች ናት» ትለዋለች። አንጓች ከሞተች ስንት ዘመኗ፤ ግን ዳቦው ትኩስ ነዋ፣ ልጁ ያምናል፤ አድጎ ደግሞ እሱ በተራው በሰው ደጃፍ— አቤት? ማነው የሚያንኳኳው? መጣሁ፣ መጣሁ።