ሸምሱ በር

በጥንቱ የነጋዴዎች መንገድ ላይ ባለችው በደርመሌ ከተማ፣ ወደ ምንጩ የሚያወርደው የምሥራቅ በር «ሸምሱ በር» ይባላል። እንግዳ ሰው በሩን ያስከፈቱት ሸምሱ የሚባሉ ሰው ይመስሉታል፤ ሽማግሌዎቹ ግን በሩ እንዳይከፈት ሦስት ዓመት ሙሉ የተሟገቱት እሳቸው ነበሩ ይላሉ።

እንደሚነገረው፣ በዚያ ዘመን ደርመሌ ገዥ አልነበራትም፤ የየቤቱ አባወራና እማወራ በሸንጎ ተሰብስቦ ራሱን ያስተዳድር ነበር። ደንቡም አንድ ሰው እንኳ «አይሆንም» ካለ ነገሩ ይቅር የሚል ነው። አው ሸምሱ፣ «አው» ለትልቅ ሰው የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው፣ ግንበኛ ነበሩ፤ የከተማዋን ቅጥር የሠሩትም አያታቸው ናቸውና ወደ ምንጩ በር ይከፈት በተባለ ቁጥር «የተሸነቆረ ቅጥር ጠላት ይጠራል» እያሉ በእምቢታቸው ጸኑ። ውኃ ቀጂዎች በምዕራቡ በር ወጥተው ገደሉን ሲዞሩ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸው ነበር። አንድ በጋ የሸማኔዎች ሰፈር በእሳት ተያያዘና ውኃው እስኪደርስ ሃያ ቤት አመድ ሆነ።

በማግሥቱ ቤቷ የተቃጠለባት እመት ሩቅያ የምትባል ጥጥ ፈታይ በሸንጎው ቆማ፣ «ከእንግዲህ ሰው ይቆጠርና የብዙው ቃል ይጽና» አለች። ሰዉ ሁሉ ተስማማ፤ ዓይኑንም ወደ አው ሸምሱ መለሰ፤ በአሮጌው ደንብ ይህንንም ብቻቸውን ሊያስቀሩት ይችሉ ነበርና።

ሽማግሌው አመድ የለበሰውን ነጠላዋን አዩ።

«ብረታሽስ?» አሏት።

«አንቱ ከረቱኝ፣ አባቴ፣ ቅጥሩ እንዳለ ይቆያል፤ እኔም ገደሉን እየዞርኩ እቀዳለሁ።»

«እንግዲያው ቁጠሩ።»

በሩ ይከፈት ያለ ፀሐይ ላይ፣ አይከፈት ያለ ጥላ ውስጥ ቆመ ይባላል። አው ሸምሱ ብቻቸውን የሚቆሙ መስሏቸው ነበር፤ ዞር ቢሉ ግን ሦስት ዓመት በእሳቸው ድምፅ ተከልለው የኖሩ ሃምሳ ሰዎች ከኋላቸው ቆመዋል። ፀሐይ ላይ ያሉት ስድሳ አራት ሆኑ።

ከጥላው ወገን ኢድሪስ የተባለ ጎልማሳ፣ «ሃምሳ ሰው ይዘን እንሸነፋለን? በጦር እናስቀረው!» ብሎ ተነሣ።

አው ሸምሱ ክንዱን ያዙት። «ቁጠሩ ያልኩ እኔ ነኝ። ባሸንፍ ልወድ፣ ብሸነፍ ልክድ ነው?»

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌው መዶሻና መሮ ይዘው ወረዱ፤ የአያታቸውን ግንብ ጥቂት ዳሰሱና የመጀመሪያውን ድንጋይ ፈለቀቁ።

«ልብዎ ተመለሰ፣ አባቴ?» አለች ሩቅያ።

«አልተመለሰም። ዛሬም ስሕተት ነው እላለሁ። ግን ሌላ ሰው ከነካው ግንቡ ይናዳል።»

ዛሬም በደርመሌ ነገር በብልጫ ሲወሰን፣ ሥራውን የሚጀምረው ከተረቱት ወገን በዕድሜ የላቀው ሰው ነው። ያሸነፉት እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቁታል፤ የሚስቅበትም የለም።