ከላይ ያለው ወፍጮ ሲቆም

ምእመናን፣ ከባሕር ወለል በታች የሚኖር ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል?

በሆላንድ አገር አንድ ሰው ነበረ። ቤቱም እርሻውም ከባሕሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ውሃው ሌት ተቀን ይሰርጋል። ታዲያ በምን ኖረ? በነፋስ ወፍጮ! ወፍጮ ስላችሁ እህል የሚፈጭ እንዳይመስላችሁ። ይሄኛው ነፋስ ክንፎቹን ሲያዞራቸው፣ ውሃውን ከእርሻው አንሥቶ ወደ ላይኛው ቦይ ይገፋል።

ግን ብቻውን አይበቃም። ውሃውን ከቦዩ ተቀብሎ ወደ ወንዙ የሚያወጣው ሌላ ወፍጮ አለ። የዚያኛው ጠባቂ ባረንት ይባላል።

ሁለቱ ሰዎች ሁለት ዓመት ተኳርፈዋል። ለምን? የሰውየው ሚስት ስትሞት ባረንት ቀብር አልመጣም። ጎረቤት ሆኖ!

አንድ ማለዳ ዐውሎ ነፋስ ከዝናብ ጋር መጣ። ሰውየው ቀና ቢል የባረንት ወፍጮ ቆሟል። የክንፎቹ ሸራ ተቦጫጭቆ አጥንታቸው ብቻ ቀርቷል። ቦዩ ሞልቶ ውሃውን ከያዘው ግድብ አፍ ደርሷል። ከግድቡ ሥር ደግሞ አርባ ቤት አለ።

የራሱን ወፍጮ ካላቆመ ግድቡ ይፈርሳል። ካቆመ እርሻው ይሰጥማል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

አቆመው። ሸራውን ከክንፎቹ ላይ ፈታ፤ ተሸክሞም በግድቡ ላይ ሮጠ።

ባረንት ሲያየው ክው አለ። "የአንተ ወፍጮስ?"

"ያዝ! ግድቡ እየተሸረሸረ ነው!"

ክንፎቹ ላይ ወጡ። ነፋሱ ነቅሎ ሊጥላቸው ይታገላል። ጣታቸው እየደማ ሸራውን ቋጠሩ። ወርደው ክንፎቹን ሲለቋቸው እንጨቱ አቃሰተ... አቃሰተ... ዞረ!

ቀትር ላይ ቦዩ አንድ ክንድ ጎደለ። ያኔ ሰውየው፣ "ባለቤቴን ስቀብር የት ነበርክ?" አለ።

"እዚሁ፣ ወፍጮው ላይ። ያን ቀንም ዶፍ ነበር። ብተወው የመቃብሯ ጉድጓድ ውሃ ይሞላ ነበር። በማግስቱ ልነግርህ መጣሁ፤ በርህን ዘጋህብኝ።"

ሰውየው ጭቃው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

የዚያ ዓመት ድንቹ በሙሉ ውሃ ውስጥ በሰበሰ። ከአርባው ቤት ግን አንድም አልፈረሰም።

ወገኖቼ፣ ሁለት ዓመት! አንድ ጥያቄ ባለመጠየቁ ሁለት ዓመት! እናንተስ? ሰርግ ቤት ስታዩአት ፊታችሁን የምታዞሩባትን እኅት፣ "ለቅሶዬ ላይ ለምን ቀረሽ?" ብላችኋታል? ወይስ ራሳችሁ ከሳሽ፣ ራሳችሁ ዳኛ ሆናችሁ ፈረዳችሁባት?

"ይቅር ብያለሁ" አትበሉኝ። ጠይቃችኋል ወይ ነው የምላችሁ!

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በቀጥታ ወደ ምሳችሁ አትሂዱ። ሂዱና ያን ሰው ጠይቁት፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ስሙት።

እኔም የምጠይቀው አንድ ወንድም አለኝ። ከተኳረፍን አራት ዓመት ሆነን። ስለዚህ ዛሬ በር ላይ ቆሜ አልሰናበታችሁም፤ ከእናንተ ቀድሜ እወጣለሁ።