የፋናዬ ስልክ ለምን አይነሳም?

ስሙኝማ፤ ወሬው የአንዲት ልብስ ሰፊ ነው። ፋናዬ ትባላለች፣ ደሴ ነው የምትኖረው። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ ጋሽ ይመር የሚያከራዩትን አንዲት ክፍል። ያለችበት ቤት ሊፈርስ ነውና ቸኩላለች። ደወለች፤ ጋሽ ይመር አላነሱም። ደግማ ደወለች፤ አላነሱም።

በእግሯ ሄደች። ጋሽ ይመር ስልካቸውን አሳዩዋት። ቁጥሯን መዝግበው አያውቁም፤ ደዋይ የሚለየው መተግበሪያ ግን «ጡሩምባዋ፣ እንዳታነሺ» ይላል። ሰው በከንቱ እንዲህ አይባልም፣ ስምሽን አጽድተሽ ነይ አሏት። ጋሽ ይመር ቤቱን አያከራዩም፣ መተግበሪያው ስሙን ካልለቀቀ።

ፋናዬ ከመናደድ ይልቅ ገረማት። ይህን ስም ከየት አመጣው? ስልክ የምትጠግነውን ሐያትን ጠየቀቻት። መተግበሪያውን የጫነ ሰው «ፍቀድ» የሚለውን ከነካ፣ ስልኩ ላይ የመዘገበው ስም ሁሉ ይወሰዳል አለቻት፤ አንቺ ባትጭኚውም ያንቺ አብሮ ይሄዳል።

«ደግሞ እይው» አለች ሐያት። «እንዳታነሺ ነው የሚለው። ለራሷ የጻፈች ሴት ናት።»

ጋሽ ይመር ቤቱን አያከራዩም፣ መተግበሪያው ስሙን ካልለቀቀ፤ መተግበሪያው ስሙን አይለቅም፣ የሴትዮዋ ስልክ ካላጠፋው። ሴትዮዋስ ማን ናት?

ጡሩምባ ብሎ የሚጠራት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አብሮ አደጓ ዘውድነሽ። ከክረምት ወዲህ ተኳርፈዋል። ፋናዬ ቤቷ ሄዳ ነገረቻት። ዘውድነሽ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ለራሴ የጻፍኩትን ማን አየው?»

«ከተማው።»

ዘውድነሽ አፈረች፤ ግን ቂሟም አለ። አባቴ ሲሞት ቀረሽ፣ እናቴን ሳታጽናኚ አላጠፋም አለች። ፋናዬ ዘግይታ ነበር የሰማችው፤ ከዘገየች በኋላ ደግሞ ለመምጣት አፈረች።

ጋሽ ይመር ቤቱን አያከራዩም፣ መተግበሪያው ስሙን ካልለቀቀ፤ መተግበሪያው ስሙን አይለቅም፣ ስልኩ ካላጠፋው፤ ስልኩ አያጠፋም፣ ዘውድነሽ ካልነካችው፤ ዘውድነሽ አትነካም፣ እናቷ ካልተጽናኑ።

ፋናዬ ጓዳ ገባች። የዘውድነሽ እናት እማማ ደብሬ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ነበሩ። እግራቸው ስር ተቀምጣ አለቀሰች። እሳቸውም አለቀሱ።

«ይወድሽ ነበር እኮ» አሏት፤ እጇንም አልለቀቁም።

እማማ ደብሬ ተጽናኑ፤ ዘውድነሽ ስልኩን ነካች፤ ስልኩ ስሙን አጠፋ፣ ፈቃዱንም ከለከለ። ዘውድነሽ ግን ስልኳን አላስቀመጠችም። «ውሸታሙ ጎረቤት»፣ «ነዝናዛዋ አክስት» ብላ የመዘገበቻቸውን እያየች፣ ስንቱን ሰው አሳጥቼ ይሆን ብላ ታስባለች። ሐያት ለመተግበሪያው ባለቤቶች ማመልከቻ ላከች፤ መተግበሪያው ስሙን ለቀቀ።

ፋናዬ ደወለች። ጋሽ ይመር አነሱ።

«ፋናዬ ነሽ? ነይ፣ ቁልፉን ውሰጂ።»